የፊታውራሪ ግቢ የኋላ በር

ጀማነሽ ምንዳዬን በመልክ የማያውቅ የካዛንቺስ ሰው ቢኖር እንኳ ድምጿን ሳይሰማ አይቀርም። ከኡራኤል አለፍ ብሎ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ስልከኛ ናት። ደውሎ «ማንን ላገናኝዎት?» የተባለ ሰው ሁሉ እሷን ነው የሰማው። ታዲያ ድምፅ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ሊቆጣ የደወለ ባለጉዳይ እንኳ ቁጣውን ረስቶ «እንደምን ዋልሽ እህት» ይላት ነበር።

ዘአማኑኤልም በዚሁ በስልክ ነው የመጣው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ለእናቱ የጡረታ ጉዳይ ደጋግሞ ይደውል ነበር። ጉዳዩ አልቆም መደወሉን አልተወም። ዘመኑ ሰማንያ አምስት ነው፤ እሷ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ እሱ ደግሞ ሠላሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። ቤት ወስዶ የሚያስቀምጣት ቦታ የለውም፣ እሷም እንደዛው። ስለዚህ ወክ ይበሉ ነበር። ከኡራኤል ተነስተው ስታዲየም፣ ከስታዲየም በቂርቆስ አድርገው ዞረው ካዛንቺስ። የጫማው ሶል አልቆ ካርቶን እየከተተ ይሄድ እንደነበር እሷ ያወቀችው በክረምት፣ ካልሲው ሲረጥብ ነው። ያኔ ነው የቆረጠላት። ይህን ሰው አገባዋለሁ አለች፣ በቃ።

አሁን ስለ አባቷ ልንገራችሁ። አቶ ምንዳዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ሥራቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ የፊታውራሪ ደስይበለው የልጅ ልጅ መሆን። የሚኖሩት ጣሪያው በሚያፈስ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ሚስታቸውን ቀደም ብለው ቀብረዋል፤ ያላቸው ጀማነሽ ብቻ ናት። ነገር ግን ከዚያች ቤት ደጃፍ ወንበር አውጥተው ሲቀመጡ፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው አንዠርግገው ከዘራቸውን ሲያቆሙ፣ ሰፈሩ ሁሉ ግብር ሊገባ የመጣ ይመስላቸዋል። ፊታውራሪ ቢሾፍቱ ከሐይቅ ዳር ግቢ ነበራቸው። የአቶ ምንዳዬ እናት ፊታውራሪ ከውጭ የወለዷት ልጅ ናት። ልጅ ሳሉ አያታቸው እጃቸውን ይዘው በሐይቁ ዳር ያንሸራሽሯቸዋል፤ በዛፎቹ መሀል አቋርጠው፣ ከታላቁ ቤት በረንዳ ላይ ወተት ይጠጣሉ። በጀልባም ይሄዳሉ፤ የሳቸው መቀመጫ ከፊት ነው። ይህን ታሪክ ያልሰማ የካዛንቺስ ሊስትሮ የለም። ግቢውን ደርግ ወሰደው ብለው ይጨርሱና ይተክዛሉ።

ጀማነሽ በዚህ ወሬ ታፍር ስለነበር ለዘአማኑኤል ነግራው አታውቅም። እሱም የራሱን ነግሯት አያውቅም። የሱ እናት ወይዘሮ ተናኘወርቅ በደርግ ዘመን ስለ ዘራቸው ብዙ ፍዳ ያዩ ሴት ናቸው፤ ልጆቻቸውን ስለ ቤተሰብ ዝም እንዲሉ አድርገው ነው ያሳደጉት። አያችሁ፣ አንዷ በኀፍረት፣ አንዱ በፍርሃት ዝም አሉ። ዝምታው እስከ ሽማግሌዎቹ ቀን ድረስ ቆየ።

ሽማግሌዎች በጥር ወር መጡ። ጀማነሽ ጓዳ ሆና መጋረጃውን ይዛ ታዳምጣለች። ወጉ እንደሚለው ተነስተው ቆሙ፣ ልጅዎን ለልጃችን አሉ፣ ተቀመጡ ተባሉ። ከዚያ ያው እንደ ልማዱ ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት እንቁጠር ተባለ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ የልጁን ጀመረ። ልጁ ዘአማኑኤል፣ እናቱ ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ የሳቸው አባት እንትና፣ የሱ አባት ፊታውራሪ ደስይበለው።

ይህን ሲሰሙ አቶ ምንዳዬ ምንም አላሉም። አፈ ጉባኤውም የካዛንቺስ ሰው ነው፣ የፊታውራሪን ወሬ ከሳቸው ስንቴ ሰምቷልና ፊታቸውን ሲያይ ገባው፤ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና አቅፎ ሳማቸው። ለካ ዘመዳሞች ናችሁ! ሦስተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። ሽማግሌዎቹ ሊያዝኑም ሊደሰቱም አቃታቸው፤ ዘመድ ተገኘ ብለው እየተሳሳሙ፣ ጋብቻው በዚያችው ሰዓት ሞተ። ጀማነሽ መጋረጃውን እንደያዘች ቁጭ አለች። አባቷ ያን ዕለት ማታ ራት አልበሉም፤ እሷ ለኔ አዝነው ነው ብላ አጽናናቻቸው። እሷ እሳቸውን! ወይ ነዶ!

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ደግሞ ጨዋ ሴት ናቸው። ፊታውራሪ ከውጭ የወለዷቸው ልጆች ብዙ እንደሆኑ ያውቁ ነበርና አልጠረጠሩም፤ ጭራሽ ጠይቀው መጡ፣ «የሥጋ ዘመዴ» ብለው አቶ ምንዳዬን ሳሙ። ዘአማኑኤል ግን አንድ ቀን ብቻ ኡራኤል ታክሲ ተራው ጋ ጠበቃት። ዓይኑ ቀልቷል። «እንግዲህ እህቴ ነሽ» አላት። ከዚያን ቀን ወዲህ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በኋላ መድኃኒት የምትባል ደግ ልጅ አገባ። ጀማነሽ የሙሽራው ዘመድ ናትና ከእህቶቹ ጋር አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፍታ እንግዳ ተቀበለች። ሴት ልጅ ሲወልዱ ሉሊ አሏት፤ ጀማነሽን ክርስትና እናት አደረጓት። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለኡራኤል ንግሥ፣ አባቷን ይዛ ወሎ ሰፈር እነሱ ቤት ነው የምትውለው። መድኃኒት ያለ እሷ ዶሮ አትገነጥልም። ሉሊ ተኝታ እንኳ እጇን አትለቅም። በመሀል በድሉ የሚባል የቂርቆስ መካኒክ፣ ሥራ ወዳድ፣ ሳቂታ ሰው፣ ጠይቋት ነበር። አቶ ምንዳዬ «የፊታውራሪ ደም ከጋራዥ ጋር!» ብለው ሽማግሌዎቹን ከደጅ መለሱ። ጀማነሽም አልተከራከረች። አንዴ ለዚያ ደም ብላ ዘአማኑኤልን ትታለች፤ ከዚያ በኋላ ደሙን ማቃለል ራሷን መሳደብ መሰላት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ሺህ ሁለት ደረሰ። አቶ ምንዳዬ ሰማንያ ሞላቸው፣ ልባቸው መድከም ጀመረ። የፊታውራሪ ግቢ ደግሞ በደርግ ጊዜ የካድሬ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም የማንም ሳይሆን ቆይቶ፣ አንድ ባለሀብት ተከራይቶት ለጎብኚ ተከፈተ የሚል ወሬ ዘአማኑኤል ይዞ መጣ። አሁን ቪትዝ መኪና አለው። አባባ ምንዳዬ ሳይሞቱ የአያታቸውን ቤት እናሳያቸው አለ። ጀማነሽ ደስታዋ ለአባቷ ብቻ አልነበረም። ያን ቤት ማየት ፈለገች። ሕይወቷን የበላው ነገር ምን እንደሚመስል፣ ቢያንስ የሚያስቆጭ ትልቅ ነገር መሆኑን ማየት ፈለገች። አዛውንቱ ግን እንቢ አሉ፤ አንዴ ጉልበቴ፣ አንዴ መንገዱ፣ አንዴ ሆዴ። በመጨረሻ «ምን ቀርቶኝ» ብለው ጋቢያቸውን ለበሱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዱ። መድኃኒት እንግዳ መጥቶባት ቀረች፤ ስለዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ቃሊቲን፣ አቃቂን፣ ዱከምን አልፈው ቢሾፍቱ ገቡ፣ ከአስፋልቱ ወጥተው በአቧራው ጥቂት ሄደው ከግቢው ደረሱ። በሩ ላይ ያለው ወጣት መንገዱ ቀላል ነው አላቸው፤ በሐይቁ ዳር ሄዶ፣ በጫካው ገብቶ፣ ከታላቁ ቤት ፊት ይወጣል፣ አዛውንትም ይሄዱታል፣ ማረፊያ ወንበር አለው። ዘአማኑኤል ትኬት ሲቆርጥ ዞር ቢሉ አቶ ምንዳዬ የሉም። ከትልቁ በር ርቀው፣ በአጥሩ ጥግ ከቁልቋሉ ሥር፣ በቆርቆሮ የተደፈነች ትንሽ መግቢያ ፊት ቆመው በከዘራቸው ቆርቆሮውን ይነካካሉ።

«አባባ፣ በዚህ በኩል ነው እንጂ» አለ ዘአማኑኤል እየሳቀ። እሳቸውም ደንገጥ ብለው መጡ።

ረፋዱ ደስ ይላል። ሐይቁ ከታች ተኝቷል፣ ዳክዬዎቹ ከዳር ዳር ይንሳፈፋሉ፣ ውሃው አረንጓዴ ነው። መንገዱ እውነትም ልስልስ ያለ ነው፤ በአንድ በኩል ውሃ፣ በአንድ በኩል ግራርና ሾላ። ጀማነሽ ከስንት ዓመት በኋላ ከዘአማኑኤል ጋር ወክ መብላቷ ነው። ልቧ እንደ ድሮው የሱን እርምጃ ሊከተል ሲል ገታችው፤ ዕድሜ አያሳፍርም እንዴ! እሱ ስለ ሐይቁ አፈጣጠር ያስረዳል፣ እንደ አስተማሪ እጁን እያወናጨፈ። አንድ ነገር ግን አስተዋለች። አባቷ ከዘአማኑኤል ኋላ ነው የሚሄዱት። እሱ ሲቆም ይቆማሉ፣ «ይቅደሙ አባባ» ሲላቸው «ግድ የለም፣ ግድ የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይሉታል። እርስዎ! ሉሊን አቅፈው ላሳደጉለት፣ በልጃቸው ዕድሜ ላለ ሰው። ደክሟቸው አፋቸው ተሳስቶ ነው አለች በሆዷ።

ከአንድ የድንጋይ መውረጃ ላይ ደረሱ። ከድንጋዩ የዛገ ብረት ቀለበት ተተክሏል። ጀልባ ይታሰርበት የነበረ መሆን አለበት አለ ዘአማኑኤል፤ የአባባ ምንዳዬ ጀልባ! አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ቀለበቱን በእጃቸው ያዙት፤ ዝገቱን በአውራ ጣታቸው አሹት፣ ረጅም ጊዜ። ጀማነሽ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አያታቸውን አስታውሰው ነው ብላ።

ከዚያ ጫካው ውስጥ ገቡ። ጥዱ ረጅም ነው፤ ፀሐይ አይገባም፤ ጉሬዛ ከላይ ቅርንጫፍ ያንኮሻኩሻል።  ከጫካው ሊወጡ ሲሉ የዘአማኑኤል ስልክ ጮኸ፤ መድኃኒት ናት። ኔትወርኩ ሲቆራረጥበት «ሂዱ፣ መጣሁ» ብሎ ወደ ሐይቁ ተመለሰ። አባትና ልጅ ብቻቸውን ከዛፎቹ ወጡ።

ታላቁ ቤት ፊታቸው ቆሟል። ባለ አንድ ፎቅ፣ በረንዳው በእንጨት የተሠራ፣ ግማሹ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ግማሹ የተላጠ። ሰው የለበትም። በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። ጀማነሽ ቤቱን አየችውና ትልቅ ነው አለች በልቧ፤ እንደዚህ ያለ ቤት ከሆነ እንኳ ይሁን። ወደ አባቷ ዞር አለች።

አቶ ምንዳዬ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። ከዘራውን ዛፍ ላይ አስደግፈዋል። ጋቢያቸውን፣ ያን በካዛንቺስ ደጃፍ በትከሻቸው የሚያንዠረግጉትን ጋቢ፣ ከትከሻቸው አወረዱት፤ በደረታቸው አዙረው ከወገባቸው ላይ ቋጠሩት፤ አደገደጉ። ከዚያ እጃቸውን አጣምረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀጥ ብለው ቆሙ። ማንም በሌለበት። ባዶ ቤት ፊት። የጌታ ቤት ሰው ጌታው ሲወጣ እንደሚቆመው።

ይህን ማንም አላዘዛቸውም። እጃቸው ነው ያወቀው። ጀማነሽ የባላባት ዘር ነሽ ተብላ ያደገች ብትሆንም ማደግደግ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ የአያቱ ቤት በረንዳ ላይ ወተት የጠጣ ልጅ ከባዶ ቤት ፊት አያደገድግም። ከዚያ ተንቀሳቀሱ። ወደ ደረጃው አይደለም። ቤቱን በሩቅ ዞረው፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ ወደ ጓሮ። ተከተለቻቸው። ከጓሮው የፈረሰ ማድ ቤት አለ፤ ከሱ አጠገብ ጣሪያው የወረደ አንዲት የጭቃ ክፍል። እዚያ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ፤ ቦታውን እንዳገኘ ሰው ተነፈሱ።

«እዚህ ነው የተወለድኩት» አሉ።

ጀማነሽ የወረደውን ጣሪያ ቀና ብላ አየች። 

«አባቴ ጀልባ ቀዛፊያቸው ነበር። እናቴ እዚህ ማድ ቤት ነበረች። ፊታውራሪ እጄን ይዘውኝ አያውቁም። አንድ ጊዜ አይተውኛል፤ በፊት ለፊት በር ስገባ። አባቴ በዚያ ቀን ገረፈኝ።»

አዲስ አበባ ወጥተው ፊደል ቆጥረው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሲሆኑ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ «የማን ልጅ ነህ?» የተባሉት። መልሱ ከአፋቸው ወጣ። ከወጣ በኋላ መመለሻ አጣ። ይህን ሁሉ እጃቸውን እያሻሹ ነገሯት፤ እሷ ግን የምትሰማው አንዱን ነገር ብቻ ነው። ያቺን የጥር ቀን። መጋረጃውን ይዛ የቆመችበትን።

«በሽማግሌዎቹ ቀን ታውቅ ነበር» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለቻቸው። «አንዲት ቃል ነበረች የምትበቃው።»

«ውሸቴ በሌላ ሰው አፍ ይወጣል ብዬ ነበር። ወይዘሮ ተናኘወርቅ አናውቅህም ይሉኛል፣ እዋረዳለሁ፣ አንቺ ትድኛለሽ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን መጥተው ሳሙኝ» አሉ አዛውንቱ። «የጌታዬ ዘር መጥቶ ጉንጬን ሳመኝ፣ ጀማነሽ። ምን ልበል? ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ነው ያረጀሁት።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ውስጥ ጸጸት ፈለገች፤ ነበረም። ግን ከጸጸቱ ፊት ፍርሃት ቆሟል። «ትነግሪዋለሽ?» አሏት።

ይኸው ነው የጠየቋት። ይቅር በይኝ አይደለም። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ እሷ ግን አልጮኸችም። ካርቶን የተከተተበትን ጫማ አሰበች። በድሉን አሰበች፣ ከደጅ የተመለሰውን፤ የቀዛፊ የልጅ ልጅ መሆኗን ቢያውቅ እንዴት ይስቅ ነበር። ማንን እንደምትሰድብ ጠፋት።

«የት ገባችሁ?» የሚል የዘአማኑኤል ድምፅ ከፊት ለፊት መጣ። አቶ ምንዳዬ ብድግ አሉ፤ ጋቢውን ሊፈቱ ሞከሩ፤ ቋጠሮው እንቢ አላቸው። ጀማነሽ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ቀርባ ፈታችላቸው፣ ትከሻቸው ላይ መለሰችው። ለምን እንዳደረገችው እሷም አታውቅም።

ዘአማኑኤል ውሃ ገዝቶ መጥቷል። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ላንሳችሁ አለ፤ በረንዳው ላይ፣ የቅድመ አያታችን በረንዳ ላይ። አዛውንቱ ከደረጃው ሥር ደርሰው እግራቸው አልነሳ አለ። ዘአማኑኤል ይስቃል፤ የአያትዎ ቤት አይደል እንዴ፣ ይውጡ እንጂ ይላል። አቶ ምንዳዬ ልጃቸውን አዩ።

አሁን መናገር ትችላለች። ዘመድ አይደለንም፣ ሆነንም አናውቅም። ተናግራ ምን ልታገኝ? ሚስቱ ደግ ናት፣ በተክሊል ነው የተጋቡት፣ ሉሊ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ያ ቀጭን አስተማሪ አይመለስም። የሚመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ወሎ ሰፈር ያለው ቤት ይዘጋል፣ በዓል ሲመጣ ከኚሁ አባቷ ጋር ብቻ ፊት ለፊት ተቀምጣ ትውላለች፣ እህቴ የሚላትም አይኖርም። ያ ቃል እሬት ነበር፤ አሁን ግን ያላት እሱ ብቻ ነው። አባቷ የፈሩትን ነገር እሷም ፈራች። ከሁሉ የበለጠ የመረራት ይህን ማወቋ ነው።

የአባቷን ክንድ ይዛ ደረጃውን አወጣቻቸው። ፎቶው አለ፤ አዛውንቱ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ እሷ ቀጥ ብላ ካሜራውን ታያለች። ዘአማኑኤል ስልኩን እያየ አፍንጫዋ ቁርጥ የፊታውራሪ ነው አላት።

በመመለሻው ቁልቁለት ላይ እንዳትንሸራተት እጁን ሰጣት። ያዘችው። አባቷ ከኋላ፣ አንድ እርምጃ ርቀው ይመጣሉ።

አቶ ምንዳዬ በዚያው ዓመት፣ በፍልሰታ፣ ዐረፉ። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ካዛንቺስ ያለ ሰው ሁሉ መጣ፤ ትልቅ ሰው ነዋ! ጀማነሽ ከዚያ እሑድ ወዲህ ለአባቷ ምግባቸውን አቅርባ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥታ፣ ልብሳቸውን አጥባ፣ አንድም ቀን ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረቻቸውም። እሳቸውም ከደጃፍ ወንበር ማውጣት ትተው ነበር፤ ሰፈሩ ሕመም ነው አለ።

በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው ዘአማኑኤል ነው፤ አስተማሪና የቅርብ ዘመድ ስለሆነ። ሌሊቱን እዚያው አድሮ፣ ጠዋት ወረቀቱን ይዞ ለቀስተኛው መሀል እሷ ከተቀመጠችበት ፍራሽ አጠገብ ተንበረከከ። ጆሮዋ ጋ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት።

«መጀመሪያው ላይ የፊታውራሪ ደስይበለው የልጅ ልጅ ብዬ ልጀምር፣ አይደል?»

ጀማነሽ ቀና አለች። ፊቱን ከዚህ ቅርበት ያየችው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ጺሙ ሸብቷል። ከዚያ በዚያ ባለጉዳይ ሁሉ በሚወደው ድምጿ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ መለሰችለት።

«ጻፍ፣ ወንድሜ» አለችው።